ከግቢው እስከ ውቅሩ፦ የሰቆጣ የእግር መንገድ

የዛሬው ረዘም ይላል። ዳታ የሚቆጥብ ሰው አሁኑኑ ቢያልፈው አልቀየመውም። ለማታ ያቆየው ግን የሚከስር አይመስለኝም።

ከሰቆጣ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ የሚያጋጥመው አንድ ነገር አለ። "ከየት ነህ?" ይሉታል። "ከሰቆጣ።" ከዚያ "ውይ!" ይሉታል። በቃ፣ መልሱ "ውይ" ነው። ይህችን "ውይ" ስንት ልጆች በስልክ እንደነገሩኝ አትጠይቁኝ። ሰዉም አይፈረድበትም እኮ። ኢንተርኔት ላይ የከተማችንን ስም ጽፋችሁ ብትፈልጉ ቶሎ ከሚመጡት አንዱ "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ነው። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ነው። መልካም ቃል ነው፣ ይፈጸም። ከዚያ በፊት ደግሞ የ77ቱ ድርቅ አለ። ከዋግ ተራሮች ወርዶ ኮረም ሜዳ ላይ የተኛውን ሕዝብ ዓለም በሙሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለፉበት ነውና አንደብቀውም፣ አናፍርበትምም። ግን አንድ ከተማ በሁለት ረሃብ መሃል ብቻ ሲታወቅ፣ እዚያ ያደገ ልጅ ራሱም ከተማውን በዚያው ልክ ማየት ይጀምራል። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሃያ ምናምን ተማሪዎች ይዤ ወጣሁ። መኪና የለም፣ አስጎብኚ የለም። ውኃ፣ ቆሎና ኮፍያ ብቻ። መንገዱ ከዋግሹሞች ግቢ ተነስቶ፣ መሃል ላይ አንድ ጉብታ ወጥቶ፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያልቃል።

የታሪክ መጽሐፋችን ስለ ዛጉዌ ሲያወራ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሶ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ያዘ፣ የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት አበቃ። ፈተና ላይም እንዲሁ ይመጣል። ተማሪው 1270 የሚለውን ያከብባል፣ አንድ ማርክ ያገኛል፣ ይረሳዋል። የኔ ተማሪ ግን ትምህርት ቤት ሲመላለስ በዚያው "አበቃ" በተባለው ዘር ልጆች ግቢ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ያበቃ ነገር እንዴት አድርጎ ግቢ ይኖረዋል? ተማሪዎቼን የጠየቅኳቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነበር። ማንም አልመለሰም። አንዱ ብቻ "ቲቸር፣ ለፈተና ይመጣል?" አለኝ። አይመጣም።

በዋግ የሚነገረው እንዲህ ነው። ዙፋኑ ከዛጉዌ እጅ ሲወጣ ዘሩ አልጠፋም፤ ውል ተደረገ። ዋግ ለዘሩ ርስት ሆኖ ተተወለት። የሚገዛውም ሰው "ዋግሹም" ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ በወርቅ ዙፋን ሲቀመጥ ዋግሹም በብር ወንበር ይቀመጣል። ሌላው መኳንንት ነጋሪቱን ከሩቅ ሲያቆም እሱ እስከ ንጉሡ ደጅ ድረስ ያስጎስማል። ውሉ ቃል በቃል እንዲህ ስለመሆኑ እኔ አልምልም። ከዘመናት በኋላ የተጨመረበት ቀለም እንደሚኖር እጠረጥራለሁ። የማንጠራጠርበት ግን ውጤቱ ነው። ዋግሹም የሚባል ማዕረግ፣ ራሱን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥር ቤተሰብ፣ ይህችን ተራራማ አገር ይዞ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ደርሷል። ከላሊበላ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቁጠሩት። ሥርወ መንግሥቱ ዙፋኑን አጣ እንጂ ቤቱን አላጣም።

አንድ ነገር ደሞ በጨረፍታ ልጨምር። ዛጉዌ አገው ናቸው። የዋግ ሰው ኽምራ ነው፤ ቋንቋው ኽምጣና። ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛ፣ ኤርትራ ካለው ከብሌን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አያቶቻችሁ ገበያ ላይ የሚነጋገሩበት፣ እናንተ ደግሞ ሰው ሲሰማችሁ ወደ አማርኛ የምትቀይሩት ቋንቋ፣ ላሊበላን ላስፈለፈሉት ሰዎች ቋንቋ ቅርብ ዘመድ ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች በኽምጣና ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ዝም አልኳቸው። በሌላ ቀን ቢሆን "ጸጥታ!" ብዬ ነበር።

ወደ ግቢው።

የዋግሹሞችን ግቢ ለማየት የሚመጣ ሰው ጎንደርን አስቦ ከመጣ ያዝናል። ፋሲል ግንብ አይደለም። ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው፣ እንጨት ነው። አገሩ የሰጠውን ይዞ የተሠራ ቤት ነው። በግድግዳው ስንጥቅ ሣር በቅሏል። እኔ ግን ተማሪዎቼን ቤቱን ብቻ እንዳያዩ ነገርኳቸው። ግቢ ማለት ቤት አይደለም። ግቢ ማለት ሥራ ነው። የድሮ መኳንንት ግቢ ውስጥ ምን እንዳለ አስቡት፦ አዳራሽ አለ፣ ግምጃ ቤት አለ፣ ጠጅ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ወፍጮ የሚፈጩ ሴቶች፣ ውኃ የሚቀዱ ልጃገረዶች፣ እንጨት ለቃሚ፣ በቅሎ ጠባቂ፣ ነጋሪት መቺ፣ እልፍኝ አስከልካይ፣ ደጅ ጠኚ። ደጅ ጠኚው በተለይ! ከዝቋላ ወይም ከደሃና ተነስቶ በእግሩ መጥቶ፣ የመሬት ክርክሩ እስኪታይለት ስንት ቀን ከአጥር ውጭ ስንቁን እየቆረጠመ ይቀመጣል። ግቢው ፍርድ ቤትም፣ ግምሩክም፣ ጦር ሰፈርም፣ ወጥ ቤትም ነበር።

ይሄ ሁሉ በምን ይቀለባል? ሁለት መልስ አለው። አንዱ መሬት ነው። ገባሩ ከምርቱ ይሰጣል፣ ማር ይሰጣል (የዋግ ማር ያኔም ስም ነበረው ብዬ አምናለሁ፤ የዛሬውን ነጭ ማር የቀመሰ ያውቀዋል)፣ ጉልበቱንም ይሰጣል። ሁለተኛው ጨው ነው። ተማሪ የማያውቀው ይሄን ነው።

አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ፣ ከባሕር ጠለል በታች ካለው ሜዳ፣ እንደ ጡብ ተቆርጦ ይወጣል። በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ አህያና በቅሎ ይቀበለዋል። ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድር፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጎጃም ከሚሄደው ጨው ብዙው የሚያርፈው ሰቆጣ ገበያ ላይ ነበር። አሞሌ ደግሞ ለወጥ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። በማርትሬዛ ብር ይመነዘራል። ጨው ከሚወጣበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ እዚህ በብዙ አሞሌ የምትገዛውን ነገር ጎጃም በጥቂቱ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ሰቆጣ የቆመችው ጨውን ወደ ገንዘብነት በሚቀይረው መንገድ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን በኩል የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች ሰቆጣን በስሟ የሚያውቋት በዚህ ነው። አያችሁ? ያኔ የሰቆጣ ስም ሲጠራ "ውይ" አይባልም ነበር። "ጨው ስንት ገባ?" ነበር የሚባለው።

ገበያውን የያዘ ቀረጡን ይይዛል። ቀረጡን የያዘ ጠመንጃ ይገዛል። ግቢው ከጨው መንገድ ጋር የተያያዘው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ከልጆቹ አንዷ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች "ቲቸር፣ ይሄን ድንጋይ ማን ተሸከመው?" አለችኝ። ሳስበው፣ በአሥራ ምናምን ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ምርጡ ነው። "ማን አሠራው?" የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፤ "ማን ተሸከመው?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወዲያው አልመለስኩላትም። የቤት ሥራ አደረግኩት። እመለስበታለሁ።

ከግቢው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ከመንገዱ ወጣ ብለን አንድ ጉብታ ላይ ወጣን። ፀሐይዋ ከረር ማለት ጀምራለች። ከላይ ሲያዩት ዋግ እንዴት ያለ አገር እንደሆነ ይገባል። ሜዳ የሚባል የለም። አምባ፣ ሸለቆ፣ አምባ፣ ሸለቆ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ተከዜ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ቁልቋልና ግራር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ብቻ ጥቁር አረንጓዴ የወይራና የጽድ ክብ።

አምባ የተፈጥሮ ምሽግ ነው። ሌላው ዓለም ኮረብታ ላይ አፈር ከምሮ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ እንጨት ተክሎ ምሽግ ሲሠራ፣ እኛ ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ሠርቶታል። ዙሪያውን ገደል፣ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ መሬት፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር። የአምባ ጥሩነት በሦስት ነገር ይለካል፦ ላዩ ላይ ውኃ አለ ወይ? እህል ይበቅላል ወይ? በሩን ስንት ሰው ሊጠብቀው ይችላል? ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣ ነው። ግሸን የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት ነበር። መቅደላ የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ምሽግ ነው። አምባ የሌለው ጌታ ሲሸነፍ የሚሸሽበት የለውም። ለዚህ ነው የዋግ ዘር ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ብዬ የማምነው። ውሉ ብቻ አይደለም የጠበቀው። ይሄን ሸለቆ ሁሉ እየወጣና እየወረደ ለመዋጋት የሚመጣ ንጉሥ ሦስት ጊዜ ያስባል።

አምባ ግን ሁልጊዜ አያድንም። ጉብታው ላይ ቆሎ እየበላን የነገርኳቸው የዋግሹም ጎበዜን ታሪክ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ የጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን አስገደሉ። ልጁ ሸፈቱ። የቴዎድሮስ ኃይል እየመነመነ ሲሄድ የጎበዜ እየሰፋ ሄዶ ላስታና ዋግ በእጃቸው ገባ። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር 13,000 ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ (አዎ ዝሆን! ልጆቹ እዚህ ላይ ነቁ) ከቀይ ባሕር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ጎበዜ መንገድ አልዘጉበትም። ለምን ይዘጋሉ? የአባታቸው ገዳይ ላይ የሚዘምት ጦር ነው። ሚያዝያ ላይ መቅደላ ወደቀች፣ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፣ እንግሊዞች መጽሐፉንና ዘውዱን ጭነው ሄዱ። በዚያው ዓመት ጎበዜ "ዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ" ተብለው ነገሡ። በእናታቸው በኩል ከጎንደር ነገሥታት እወለዳለሁ ይሉ ነበር። በአባታቸው በኩል ግን ዋግሹም ናቸው፤ ማለትም የዛጉዌ ዘር። ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ከወሰደ 600 ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው ዙፋኑ ወደ ዋግ ሰው እጅ ተመለሰ። መጽሐፋችን ይሄን በሁለት መስመር ያልፈዋል። እኔ ሁለት መስመር አይበቃውም ባይ ነኝ።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ናፒየር ሲመለስ ለስንቅና ለመጓጓዣ የረዱትን የትግራዩን ደጃዝማች ካሣ ምርጫን አልረሳም። 12 መድፍና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ከርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ ወታደራቸውን በአዲሱ ሥርዓት አሠለጠነ። ካሣ ለተክለ ጊዮርጊስ የሚስት ወንድም ናቸው፤ እህታቸው ድንቅነሽ ንግሥት ናት። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ አማቾች ዓድዋ አጠገብ አሳም ወንዝ ላይ ገጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር 60,000፣ የካሣ 12,000 ነበር ይባላል። ያሸነፈው ትንሹ ጦር ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው በእስር ሞቱ፣ ካሣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ።

ተማሪዎቹ "በአምስት እጥፍ ሰው እንዴት ይሸነፋል?" ብለው ተከራከሩ። አንዱ "ክረምት ነው፣ ምን እየሠራ ነው ሐምሌ ላይ ሰው አገር ሄዶ የሚዋጋው?" አለ። አራሽ አባት ያለው ልጅ ነው፣ ገብቶታል። እኔ የምጨምረው፣ ተክለ ጊዮርጊስ ከአምባቸውና ከሸለቆአቸው ወጥተው መድፍ በሚያይበት ሜዳ ገጠሙ። የዋግ መሬት የሚጠቅመው ዋግ ላይ ስትሆን ነው። የአሸናፊው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት መቀሌ ላይ፣ ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ የሠራው፣ ሙዚየም ሆኖ ሲጎበኝ ኖሯል። የተሸናፊው ቤተሰብ ግቢ በር ላይ ደግሞ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቅናት እንዳይመስልብኝ፣ ብቻ ያየሁትን ነው።

ዙፋኑ ዳግመኛ ቢሄድም ቤቱ ግን ቀጠለ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ዘምተዋል።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ስነግራቸው ከጉብታው ወርደን መንገድ ጀምረን ነበር። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ። በ1928 ዓ.ም. ገና ሰሞን የኢትዮጵያ ጦር ጣሊያንን ሲያጠቃ እሳቸው የዋግን ሰው ይዘው ተምቤን ላይ ተዋጉ። ማይጨው ከተሸነፍን፣ ንጉሡም ከወጡ በኋላ ለመግባት ምቹ ነበር። ብዙ መኳንንት ገብተዋል፤ ስም አልጠራም፣ መጽሐፍ ላይ አለላችሁ። ኃይሉ ግን በ1929 ክረምት ዋግና ላስታን ይዘው ተነሱ። ጣሊያን በአውሮፕላንና በብዙ እግረኛ መጣባቸው። አዲሱ ዓመት እንደገባ፣ በመስከረም 1930፣ ተያዙና ተገደሉ። አንገታቸው ተቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው ተሰቀለ። ሕዝቡ እንዲፈራ ነው። የዋግሹምን ራስ ያየ ገበሬ "በቃ፣ አለቀ" ይላል ብለው ነው። ሰሜኑ ግን ከዚያ በኋላም ለአራት ዓመት አላረፈላቸውም።

ይሄን ስናገር ልጆቹ ዝም አሉ። አንገታቸውን የነኩም ነበሩ። እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ መንገድ ያለ ወሬ ሄድን።

ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ስትደርሱ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ገደል ነው የሚመስለው። ጠጋ ስትሉ ገደሉ ውስጥ በር አለ፣ መስኮት አለ፣ አምድ አለ። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ከፊሉ ከገደሉ ያልተላቀቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ትውፊት ከላሊበላ ውቅሮች ይቀድማል፣ እስከ አፄ ካሌብም ይወስደዋል። ልጆቹ "የኛ ይበልጣል!" ብለው ጮኹ። እኔ ውድድሩ ብዙ አይስበኝም። የሚስበኝ የእጁ ሥራ ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኛ ቤት ሲሠራ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ ይገነባል፣ የእንጨቱ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ይላል፣ "የዝንጀሮ ራስ" የሚባለው እሱ ነው። ከዘመናት በኋላ አለት የሚፈለፍሉት ሰዎች እንጨት አላስፈለጋቸውም፤ ሁሉም አለት ነው። ሆኖም በአገራችን ውቅሮች ላይ የእንጨት ቤት መልክ በድንጋይ ተቀርጾ ታያላችሁ። ቤት ማለት እንዲህ ነው ብለው ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን መልክ መጣል አልፈለጉም። እዚህም ያ አሻራ አለ። ለሒሳብ የሚቸገሩ ተማሪዎቼን አንድ ነገር አስጠነቀቅኳቸው፦ በግንብ ሥራ የተሳሳተ ድንጋይ ይነሳና ይተካል። በፍልፍል ሥራ አንዴ አብዝተህ ከቆረጥክ መመለሻ የለም። ዲዛይኑ በሙሉ ከመጀመሩ በፊት ጭንቅላት ውስጥ መኖር አለበት።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መምሬ ተቀበሉን፤ ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ናቸው። ከጸሎት በኋላ ወደ ሬሳዎቹ ማረፊያ ወሰዱን።

እዚያ የዋግ መሳፍንት በሣጥን በሣጥን ተኝተዋል። ገላቸው ሳይፈርስ ደርቆ የቆየ አለ። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የሄዳችሁ ተመሳሳይ ነገር አይታችኋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ያሉት በሕይወት ሳሉ የኖሩበትን ግቢ ጠዋት አይተን ነው የመጣነው። ነጋሪት የሚጎሰምለት፣ ደጅ የሚጠናው፣ ጨው የሚቀረጥለት ሰው፣ በስተመጨረሻ በአንድ የእንጨት ሣጥን ልክ። መምሬ ሣጥኖቹን በእጃቸው እያመለከቱ "ልጆቼ፣ እነዚህ አገር ገዥ ነበሩ፤ አሁን እኛ ነን የምንጠብቃቸው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "አንተ አስተማሪ፣ ልጆቹ እንዳይነኩ" አሉኝ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ነበር።

ፎቶ ስላልተነሳ ፎቶ አልለጠፍኩም። "ፎቶው የታለ?" የምትሉኝ አላችሁና ከወዲሁ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ድንጋዩን ማን ተሸከመው?

ይሄን ሳልል ባልፍ ስለ ዋግሹሞች ውዳሴ ጻፍኩ ማለት ነው፤ አልፈልግም። የግቢው ድንጋይ በራሱ አልወጣም። ገባር ነው ያወጣው፣ ከእርሻው ተነስቶ፣ ያለ ክፍያ። ጉልት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። ማለትም የተማሪዎቼ አያቶች ገባርነትን በጆሯቸው የሰሙት ሳይሆን በትከሻቸው የሚያውቁት ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ግቢው ቢፈርስ ቅር የማይለው ለዚህ ነው፤ "ለጌታ ቤት ምን አስጨነቀህ?" ያለኝ ጎልማሳ አለ፣ ሰው የማከብረው። ተከራከርን። የኔ መልስ፣ ድንጋዩን የተሸከመው ያንተ ቅድመ አያት ከሆነ ቤቱ የማን ነው? የሚል ነበር። አልተስማማንም፤ ቡናውን ግን ሦስተኛ ድረስ ጠጣን።

የቤት ሥራው እንዲህ ነበር፦ ቤታችሁ ሄዳችሁ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ከዘራችሁ ግቢው ውስጥ ወይም ለግቢው የሠራ ሰው ነበር? ምን ሠራ? ግማሽ ገጽ። በአማርኛም በኽምጣናም ይቻላል።

ማክሰኞ ወረቀቶቹ መጡ። ሦስቱ ከአንድ ልጅ የተቀዱ ናቸው (ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ እዚህ እንደምታነቡም አውቃለሁ)። የቀሩትን ግን ሌሊት ተቀምጬ ነው ያነበብኳቸው። የአንዱ ቅድመ አያት ለግቢው ማር ያስገባ ነበር፤ አንድ ዓመት ንቡ ሸሽቶበት በማር ፋንታ ፍየል አስገባ። የአንዷ ከቆላ እንጨት ያመጣ ነበር። አንዱ የአባቱ አያት ደጅ ጠንቶ ጠንቶ ርስቱን እንዳስመለሰ ጻፈ፤ ያ መሬት አሁንም በእጃቸው ነው። አንዱ ደግሞ "የኛ ዘር ለማንም አልሠራም፣ ሽፍታ ነበርን" ብሎ ጻፈ፤ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ ወረቀት ኽምጣና ነው። ፊደሉን እያጣመመች ነው የጻፈችው፣ የሚያስተምራት ሰው አላገኘችም ነበርና። ግማሽ ገጽ ብዬ ሁለት ገጽ ሞልታለች። አያቷን ጠይቃ ነው። የአያቷ እናት በልጅነቷ ግቢው ውስጥ ወፍጮ ትፈጭ ነበር። አያቷ እጅ ላይ ያለውን፣ ከእናቷ የወረሰችውን የድንጋይ መጅ ዛሬም ቤታቸው ውስጥ ሽሮ ይፈጩበታል። ልጅቷ ከወረቀቱ ግርጌ መጁን በእርሳስ ስላዋለች፤ ከጎኑ ልኩን ጽፋለች፣ በስንዝር።